ድምፄ የማይደርስበት ርቀት

ለጠመንጃዬ መነጽር ለመምረጥ የፈጀሁት ጊዜ ሚስት ለመምረጥ ከፈጀሁት ይበልጣል። ሚስቴ ይህን ብትሰማ አትገረምም፤ ከተለያየን ቆይተናል። ጠመንጃው ግን አሁንም አብሮኝ አለ፤ ሕጉ እንደሚያዘው በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። መነጽሩም ከላዩ እንደታሰረ ነው። ከዚያ ጥቅምት ወዲህ አልነካሁትም።

አደን የጀመርኩት ለእርጅና ስቃረብ ነው። ስዊድን ውስጥ አውቶቡስ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከሻርሆልመን ወደ ሁዲንጌ፣ ከሁዲንጌ ወደ ሻርሆልመን፣ ወንበሩ ወገቤን በልቶ እስኪጨርስ ድረስ። አንድ ስዊድናዊ የሥራ ባልደረባዬ፣ ፊቱን ሳያፈታ ሰው የሚያስቅ ሽማግሌ፣ ጡረታ ሊወጣ ሲል ወደሚመራው የአዳኞች ቡድን ጎተተኝ። ጫካ ውስጥ ማንም በሩን ክፈትልኝ አይልህም አለኝ። ለዚያች ብቻ ስል ኮርሱን ወስጄ ፈተናውን አለፍኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው በስተደቡብ ያለ ጫካ ሄደን እያንዳንዳችን በየማማችን እንወጣለን። ማማ ስል ያው ገበሬ ማሳውን የሚጠብቅበት ዓይነት ነው፤ በእንጨት የተሠራ፣ መሰላል ያለው። ብዙ ጊዜ ሳልተኩስ እመለሳለሁ፤ ደስ ይለኝ የነበረውም ዝም ብሎ መቀመጡ ነው። ማንም የማይጠይቀኝ ቦታ በሕይወቴ ያገኘሁት እዚያ ብቻ ነበር።

እሱንም ሰላሜን የነሳችኝ እናቴ ናት።

እናቴ አባቴ ሲሞት ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኔ ጋር የምትኖር ሰማንያን ያለፈች ሴት ናት። ስዊድን ከገባች ጀምሮ ሥጋ በአፏ አልዞረም። ምክንያቷ አንድ ነው፦ ስመ ሥላሴ ሳይጠራበት የሞተ እንስሳ በክት ነው፣ በክት አይበላም። ሰፈራችን ደግሞ ሥጋ ቤት ሞልቶታል። ሻጮቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ጨዋ ሰዎች፣ እናቴን ሲያዩ ከወንበራቸው የሚነሱ። ከእነሱ ቲማቲም ትገዛለች፣ እሷ በአማርኛ እነሱ በስዊድንኛ ስለ ጉልበታቸው ይወያያሉ፤ ወደ ሥጋው ግን ዞር ብላ አታይም። የሱፐርማርኬቱን ከነጭራሹ ምግብ ብላ አትቆጥረውም። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ለበዓል ከገበሬ በግ ገዝተው በስመ አብ ብለው ሲያሳርዱ፣ በቃ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ግን እዚህ አገር በጉ ከመታረዱ በፊት በመሣሪያ ራሱን እንዲስት እንደሚደረግ አንዱ ነገረኛ ሹክ አላት። ራሱን ለሳተ በግ ነው እንዴ የሥላሴ ስም የሚጠራው ብላ ያንንም ተወችው።

ለዓመታት ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። እሱስ ይሁን፤ ስንቱ በሽሮ ኖሯል። በዚያ ዓመት ግን ደሟ አነሰ። ሐኪሟ የብረት ክኒን ሰጠቻት፣ ክኒኑ ሆዷን አመሳትና ጣለችው፤ እንግዲያው ሥጋ ትብላ ተባልኩ። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ እየሰፋ፣ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ሄደ። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ። ከሥራ ደክሞኝ እገባና ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ዛሬስ ምን በላሽ፣ እላታለሁ። በልቻለሁ ትለኛለች። ምን? ያው የተገኘውን። ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። እግዜር ሥጋ በልታችሁ ሙቱ አላለም፣ ሳትበሉም ሙቱ አላለም፣ እያልኩ ሳህን አጋጫለሁ።

አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሁዲንጌ ነው የምትኖረው። አማርኛ አሳምራ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። አንድ እሑድ አያቷን ስትመለከት ቆየችና ወጥ ቤት ተከትላኝ ገብታ፣ ፓፓ፣ አያቴ ሽሮውንም እኮ እየበላች አይደለም አለችኝ፤ እንጀራውን ታገላብጠዋለች እንጂ አትውጠውም። ሥጋ ያጣ ሰው የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፣ ሥጋ ስትበላ ይከፈትላታል፣ አልኳት። ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ልጄም ትከሻዋን ነቅንቃ ወጣች።

በዚያው ሳምንት ጭቅጭቅ ላይ ሳለን፣ እኔ ራሴ አጋዘን ባመጣልሽስ፣ አልኳት እናቴን። እልህ ይዞኝ እንጂ አስቤበት አልነበረም። አጋዘንማ ይበላል፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል አለች። ከዚያ እንደ ዳኛ መመሪያዋን ትሰጠኝ ጀመር። መጀመሪያ ያለችኝ፣ እግሩን መትተህ ጣለውና ደርሰህ በስመ አብ ብለህ እረደው ነው። እንስሳን አቁስሎ መሮጥ እዚህ አገር ወንጀል መሆኑን፣ አዳኝ የሚኮራው በአንድ ጥይት ባለበት ሲጥለው መሆኑን ለማስረዳት አንድ ምሽት ፈጀብኝ። እንግዲያው ከመተኮስህ በፊት ስሙን ጥራ አለችኝ።

የንስሐ አባታችንን በስልክ ጠየቅኳቸው። አባም እንደኛው ሠርተው የሚያድሩ ናቸው፤ ከሥራ ሲመለሱ ባቡር ላይ ነበሩ፣ ድምፃቸው ዝሏል። በሕይወት ሳለ ስሙን ጠርተህ ተኩስ፣ ልጄ፣ ይበቃል፣ አሉኝ። ለእናቴ ነገርኳት። እሷ ግን ጨመረችበት።

"በልብ አይሆንም። በአፍህ፣ እየተሰማ።"

እዚህ ላይ ነው መነጽሩ የሚመጣው። ጠመንጃዬ ላይ የነበረው ባልደረባዬ የሰጠኝ አሮጌ መነጽር ነው፤ ቀን ደህና ነው፣ ሲመሻሽ ግን ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። አጋዘን ደግሞ ከጫካ የሚወጣው ሲመሻሽ ነው። ስለዚህ አጥርቼ ለማየት እስኪቀርበኝ እጠብቃለሁ። በደንብ ሲታየኝ፣ እሱም በደንብ ይሰማኛል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ስዊድኖች ሮዩር የሚሏት ትንሿ ዓይነት አጋዘን ማማው ሥር ድረስ መጣች። በስመ አብ ከማለቴ ቂጧን ሰጥታኝ ተፈተለከች። ወወልድን የጨረስኩት ለባዶ ሣር ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ መጣ፣ እሱም እንደዚያው። ባልደረባዬ ሁላችንም በምንይዘው የመገናኛ ሬዲዮ፣ ማነው ማማ ላይ ሰው የሚያነጋግረው፣ አለ። ኋላ ቡና ስንጠጣ እውነቱን ነገርኩት። ጢሙን እየደባበሰ ትንሽ አሰበና፣ ዜማውን ብትቀንስለትስ፣ አለኝ።

ጊዜ አልነበረኝም። ኅዳር ሲጋመስ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ከዚያ እስከ ገና ብርቱ ሰው ቢለምናትም ሥጋ አትነካም። ገና ድረስ በዚያ ክሳቷ ትቆየኛለች ብዬ ደግሞ አላሰብኩም። አሮጌውን መነጽር ጥዬ፣ ድምፄ ከማይደርስበት ርቀት ሆኜ የማይበትን አዲስ ለመግዛት ወሰንኩ። ማታ ማታ ኢንተርኔት ላይ ስለ መነጽር ሳነብ ዓይኔ ደም መሰለ። አንዱ ያመሰገነውን ሌላው ያጣጥለዋል። ይህን ሁሉ የሚጽፉ ሰዎች መቼ ነው የሚያድኑት እያልኩ እናደድ ነበር።

የአደን ዕቃ መደብሩ ሱንድቢበሪ ነው፣ ምድር ቤት ውስጥ። በቀዩ የባቡር መስመር እስከ መሃል ከተማ፣ ከዚያ በሌላ ባቡር። ሲያሳፍር የኖረ ሰው በዕረፍት ቀኑ መሳፈር ያንገሸግሸዋል። ሻጯ ጠንከር ያለች፣ ክንዷ ላይ የጭረት ጠባሳ ያለባት ሴት ናት። መደርደሪያው ላይ ቀጭኑም ወፍራሙም መነጽር ተደርድሯል፣ ሁሉም ጥቁር። ከሁሉ አብልጦ የሚያጎላውን ስጪኝ አልኳት። ለምን ያህል ርቀት፣ አለችኝ። ድምፄ ለማይደርስበት፣ አልኳት።

ስዊድኖች ያልገባቸውን ነገር ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ትዕግሥት ይወጣል። በዚያ ትዕግሥት ደክሞኛል፤ ስንት ዓመት ሙሉ በየቢሮው ስታገሰው የኖርኩት እሱን ነው። ስለዚህ ሳልነጣጥል ዘረገፍኩላት፦ እናቴን፣ ደሟን፣ በክቱን፣ በስመ አቡን፣ የሸሹትን አጋዘኖች። ሴትዮዋ አልሳቀችም። ከባንኮኒው ሥር ለመሞከሪያ መነጽር የሚታሰርበት የእንጨት ሰደፍ አወጣች፣ ያልኳትን መነጽር አሰረችበትና እጄ ላይ አስቀመጠችው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአጋዘን ራስ እያየህ ጸሎትህን በለው፣ አለችኝ። እሷ ጫማዎቹ ወደተደረደሩበት ወደ መደብሩ ጥግ ሄዳ ቆመች።

"በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን" አልኩ፣ ለተሞላው የአጋዘን ራስ።

አንድ እግሩ ላይ ቦት ጫማ የሚለካ ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ። ሻጯ ተመልሳ መጥታ፣ ድምፅህ ዝቅ ያለ ነው፣ ነፋሱ ከእንስሳው ወደ አንተ ከሆነ ብዙ መራቅ አያስፈልግህም አለችኝ። ይልቅ ስትናገር ምን ታየህ? እስኪ ድገመው። ደገምኩት። እውነትም፣ አብ ስል ራሱ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ወልድ ስል ዙሪያው ይጠቁራል፣ መንፈስ ቅዱስ ላይ ስደርስ አጋዘኑ የለም። ስናገር ጉንጬ ሰደፉ ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኔም ከቦታው ይዛነፋል። መነጽሩ ባጎላ ቁጥር ዓይን መቀመጥ ያለበት ቦታ እየጠበበ ይሄዳል አለችኝ፤ አንተ የምትፈልገው ያነሰ የሚያጎላ፣ የፊት መስተዋቱ ሰፊ የሆነ፣ ሲመሻሽ ብርሃን የሚሰበስብ፣ ዓይንህ ትንሽ ቢሄድም የማይጨልምብህ ነው። ሳምንታት ያነበብኩት ሁሉ በአንድ አፍታ ገደል ገባ። ሌላ አሰረች፣ አልኩት። ሌላ አሰረች፣ አልኩት። ስቅለት ለት እንኳ በአንድ ከሰዓት ያን ያህል ስሙን አልጠራሁም። በመጨረሻ አንዱ እስከ አሜን ድረስ አልጠቆረም። እሱን ያዝኩ። ስወጣ ሴትዮዋ፣ እናትህ ስትበላ ምን እንዳለች መጥተህ ንገረኝ አለችኝ።

ማታ ካርቶኑን ከፍቼ መነጽሩን ብቻውን ለእናቴ ሰጠኋት። በመስኮቱ በኩል ዓይኗ ላይ አስጠጋችው። ከውስጡ ያለውን ማነጣጠሪያ መስመር አየችና፣ "መስቀል አለበት" አለች። ፊቷ ላይ ከወራት በኋላ ደስታ አየሁ። ያቺ ከፊት ለፊት ሕንፃ ያለችው ሴት ብቻዋን ራት እየበላች ነው አለችኝ ቀጥላ። ሰውን ቤቱ ውስጥ ማየት ነውር ነው እማዬ አልኳት። አላወረደችውም። "አበላሏ ደስ ይላል" አለች። ሴትዮዋ እስክትጨርስ ድረስ ተመለከተቻት፤ እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ የመነጽሩን ማሰሪያ ብሎን እቆጥር ነበር።

ከባልደረባዬ ጋር ዒላማ ላይ ተኩሰን መነጽሩን ካስተካከልን በኋላ ቅዳሜ ማማዬ ላይ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲያካፋ ውሎ አመሻሹ ላይ አባራ። ነፋሱ ፊቴ ላይ ነበር። ማሳው ዳር ላይ አንድ ሮዩር ወጣ፣ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። ሰደፉን ጉንጬ ላይ አድርጌ ስሙን ጠራሁ፤ በአፌ፣ እየተሰማ፣ ሳልቸኩል። አንድ ጆሮውን ወደኔ አዞረ እንጂ አልሄደም። መነጽሩም አልጠቆረም። አሜን ብዬ ቃታውን ሳብኩ። ባለበት ወደቀ፣ አልተንፈራገጠም። ደስታ ይሰማኛል ብዬ ነበር፤ የተሰማኝ ድካም ብቻ ነው። መሰላሉን በጉልበቴ ሕመም ምክንያት እንደ ሕፃን ወደኋላ እየወረድኩ ሳለ ሬዲዮው ላይ ባልደረባዬ፣ ዛሬስ ሰማህ መሰለኝ፣ አለኝ፣ የላይኛውን ማለቱ ነው።

ሥጋው ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ሰነበተ። ለእሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲደርስ ድርሻዬን ይዤ መጣሁና ለጥርሷ እንዲመቻት አልጫ ቅቅል አድርጌ ከሌሊት ጀምሬ ጣድኩት። ልጄም መጣች። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች፣ ማዕዱን ባረከች።

"ድምፅህን አሰምተህ ጠራህ?" አለችኝ።

"ጠራሁ።"

"እስከ አሜን?"

"እስከ አሜን፣ እማዬ።"

ከሥጋው ቆንጥራ በእንጀራ አድርጋ ጎረሰች። እኔና ልጄ መብላት ትተን አፏን እናያለን። አላመጠችው፣ አላመጠችው። ለመዋጥ አንገቷን ቀና አደረገች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ፊቷን ዞር አድርጋ ወደ መሐረብ ተፋችውና አጣጥፋ እጇ ውስጥ ያዘችው። ልጄን ውኃ እንድታመጣላት ላከቻት።

"ምክንያቴን ወሰድክብኝ እኮ፣ ልጄ" አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቅኳት። አልገባኝም ነበር፤ ወይም ገብቶኝ ነበርና አልፈለግኩትም።

"አልወርድ ካለኝ ቆየ። ሥጋው አይደለም፣ ሽሮውም ነው። ሰሞኑን ውኃውም እየተናነቀኝ ነው። ካልተባረከ አልበላም ስልህ ትቆጣ ነበር እንጂ አትፈራም ነበር። መቆጣትህ ይሻለኝ ነበር።"

ውኃው ቧንቧ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። ልጄ ብርጭቆውን ከሞላችው በኋላም አልዘጋችውም፤ ሰምታለች። ሳህን ያጋጨሁባቸው ማታዎች ሁሉ መጡብኝ። ፈራሁ። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ጸጉሬ ሸብቶ፣ በእናቴ ፊት በግልጽ ፈራሁ፤ እሷም አየችው።

ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን አልኳት። እሺ እንሄዳለን አለች። በሕይወቷ እንደዚያ ሳትከራከር እሺ ያለችኝን ቀን አላስታውስም። ከዚያ እጇን ወደ ማዕዱ ሰደደች፣ እንጀራ ቆረሰች፣ ለስላሳውን ሥጋ መርጣ ጠቀለለችና ወደ አፌ አቀረበችው።

"አንተ ብላ። ስትበላ ልይህ።"

አፌን ከፈትኩ። ሥጋው በደንብ በስሏል፣ ጨው ግን አንሶት ነበር። እስክውጥ ድረስ ዓይኗን ከፊቴ ላይ አላነሳችም። ሁለተኛውን ጠቀለለችልኝ፤ እሱንም በላሁ።